ግልጽ ደብዳቤ፦ «የተሻለ መለኪያ ይግዙ» ላለን ጽሕፈት ቤት

ለምርምር ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ውድቅ ስለተደረገው የኳንተም ፊዚክስ ፕሮፖዛላችንና መልስ ስላጡት ሦስት አቤቱታዎች

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በርዎን ሳላንኳኳ ቀርቼ አይደለም። ባለፉት አሥራ አንድ ወራት ሦስት አቤቱታዎችን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቻለሁ። ለመጀመሪያው «እየታየ ነው» ተባልሁ፣ ለሁለተኛውም «እየታየ ነው» ተባልሁ፤ ለሦስተኛው ግን እርሷም ቀረች። በዝግ ያልተመለሰልኝን በግልጽ ብጠይቅ ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቢሰኙም ቢያንስ ደብዳቤው መነበቡን አውቃለሁ።

እኔና ሁለት ባልደረቦቼ «የልኬት ችግር በኳንተም መካኒክስ፦ የኮላፕስ ሞዴሎችን በሙከራ መፈተን» በሚል ርእስ የሁለት ዓመት ፕሮፖዛል አቅርበን ነበር። ከአራት ወራት በኋላ የተመለሰልን የግምገማ ቅጽ አንድ ገጽ ነው። «የችግሩ ምንነት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ገምጋሚው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «አመልካቾቹ የልኬት ችግር እንዳለባቸው ራሳቸው አምነዋል። አዲስ ምርምር ከመጀመራቸው በፊት መሣሪያዎቻቸውን ቢያስተካክሉ ወይም የተሻለ መለኪያ ቢገዙ ይመረጣል።» ከ100 ነጥብ 31 ተሰጠን። ከሥሩ ማኅተም አለ፤ የእርስዎም ፊርማ አለ።

ቅጹን መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፣ ደግሜ ሳነበው ግን ሳቁ ጠፋ። «የልኬት ችግር» የተዛነፈ ሚዛን ወይም የተበላሸ ሜትር ማለት አይደለም፤ በኳንተም መካኒክስ፣ ማለትም የአቶሞችንና ከእነርሱ ያነሱ ቅንጣቶችን ባሕርይ በሚገልጸው የፊዚክስ ዘርፍ ውስጥ፣ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የአንድ ጥያቄ መጠሪያ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው ቀመር (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ኤሌክትሮን እስካልተነካ ድረስ በብዙ አማራጮች ላይ ተደርቦ፣ ያለ መቆራረጥና ዕድል የሚባል ነገር ጣልቃ ሳይገባ እንደሚለዋወጥ ይናገራል። ማክስ ቦርን በዚያው ዓመት ያስቀመጠው ሕግ ደግሞ ስንለካው ከአማራጮቹ አንዱን ብቻ እንደምናገኝ፣ የትኛውን እንደምናገኝም አስቀድመን ማወቅ የምንችለው በዕድል መጠን ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። ሁለቱም በየቦታቸው እስከ ዛሬ አልተረቱም። ጥያቄው አንደኛው የት አብቅቶ ሁለተኛው የት እንደሚጀምር ቀመሮቹ አለመናገራቸው ነው። መለኪያ መሣሪያውም ቢሆን ከአቶሞች የተሠራ ነውና እርሱ ራሱ ለሽሮዲንገር ቀመር መገዛት ነበረበት። ገምጋሚው እንዳሉት የተሻለ መለኪያ ብንገዛ ጥያቄው ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

«ይህ ፍልስፍና ነው» እንዳይሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። ጊራርዲ፣ ሪሚኒና ዌበር በ1986 ባሳተሙት ሞዴል መሠረት ከአማራጮች ወደ አንድ ውጤት መሰብሰብ፣ ማለትም ኮላፕስ፣ ማንም ሳይለካ በራሱ የሚከሰት ነገር ነው፤ ለአንዲት ቅንጣት እጅግ ብርቅ ሲሆን ብዙ አቶም ላለው አካል ግን ተደጋጋሚ ይሆናል። ይህ እውነት ከሆነ ቁስ አካል ምንም ሳይነካው በጥቂቱ መንቀጥቀጥና መሞቅ አለበት፤ ይህንን ደግሞ መለካት ይቻላል። በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ባለው ቤተ ሙከራ የሠሩ ተመራማሪዎች ከዚሁ የሞዴል ቤተሰብ ውስጥ ስበትን ከኮላፕስ ጋር የሚያያይዘውን አንዱን መርጠው፣ ሊያወጣ የሚገባውን ደካማ ጨረር በጀርማኒየም መርማሪ ፈልገው አጡት፤ ቀላሉን የሞዴሉን ዓይነትም ከጨዋታ ውጭ አደረጉት። ቪየና ውስጥ በ1999 ስድሳ የካርቦን አቶሞች ያሏቸው ሞለኪውሎች እንደ ሞገድ ሲጣረሱ፣ ማለትም በብዙ አማራጮች ላይ ተደርበው ሲቆዩ፣ ታዩ፤ በ2019 ደግሞ ይኸው ነገር ወደ 2,000 አቶሞች ባሏቸው ሞለኪውሎች ተደገመ። ድንበሩ በየጊዜው እየተገፋ ያለ ሕያው የሙከራ ዘርፍ ነው።

የእኛ ሥራ ከዚህ ጎን ትንሽ ነበር። አየር በተሳበበት ክፍል ውስጥ ከአንድ ማይክሮሜትር የምታንስ የመስታወት እንክብል በሌዘር ብርሃን ብቻ ተይዛ ትንሳፈፋለች። ምንም አይደግፋትም፣ ምንም አይነካትም። በስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆና ትታያለች፤ የምናየው የምትበትነውን ብርሃን ነው። ቀሪውን አየር እየቀነስን መንቀጥቀጧን እንመዘግባለን። አየሩ፣ ሌዘሩና የክፍሉ ሙቀት የሚያመጡትን ድርሻ አንድ በአንድ ቀንሰን የተረፈ መንቀጥቀጥ ካለ እሰየው፣ ከሌለም ሞዴሎቹ ከዚህ ወዲህ ማለፍ የማይችሉትን ወሰን እናበጃለን። ክፍሉን የገጣጠመችው ወጣት ተመራማሪ የመጀመሪያዋን እንክብል ለአርባ ደቂቃ ሳትወድቅ ያቆየቻት ከሰባት ወር ሙከራ በኋላ ነው። ያንን ሌሊት ቁጭ ብላ ነጥቧን ስትጠብቅ አብሬያት ነበርሁ። የግምገማ ቅጹን ያሳየኋት እኔ ነኝ። አንብባ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰውዬው ርእሱን እንኳ እስከ መጨረሻው አንብበውታል?» አሁን ሌላ ሥራ ይዛለች። ክፍሉ በፕላስቲክ ተሸፍኗል።

ክቡር ኃላፊ፣ መመሪያውን እኔ ላስረዳዎ አልሞክርም፤ የፈረሙበት እርስዎ ነዎት። እያንዳንዱ ፕሮፖዛል በዘርፉ ሁለት ባለሙያዎች ይገመገማል ይላል፤ የእኛ ቅጽ ላይ ያለው የአንድ ሰው እጅ ነው። አመልካች ውጤቱን ከተቃወመ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል ይላል፤ እኔ በአሥራ አንድ ወር ያገኘሁት «እየታየ ነው» የሚሉ ስድስት ፊደላት ነው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ገምጋሚው አያውቁም ብዬ አልከሰስኋቸውም። የማያውቁትን አለማወቅ ነውር የለበትም፤ ርእሱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሁሉ ሊያርመው የሚችለውን ስሕተት በማኅተም ማጽደቅ ግን የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው፣ ለእርሱም ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛውን አቤቱታ ለማስገባት የመጣሁ ዕለት አንድ የቢሮዎ ሠራተኛ፣ በጎ ሰው ናቸው፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣ አድርገው መከሩኝ። «ርእሱ ላይ ኳንተም ኮምፒውተር የሚል ቃል ይጨምሩበት፣ ያልፋል፤ ውስጡን ማንም አያየውም» አሉኝ። በቅንነት የተሰጠ ምክር ስለነበር አመሰገንኋቸው። ነገር ግን ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ምክሩ የአሠራራችሁ እውነተኛ መግለጫ መሆኑ ገባኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በቅድሚያ ርእሶች ዝርዝራችሁ ላይ የቀሩት ኳንተም ኮምፒውተር፣ ኳንተም ግንኙነት፣ ኳንተም ዳሳሾችና ኳንተም ቁሶች ናቸው። «መሠረታዊ ጥያቄዎች» የሚለው ረድፍ ተሰርዟል፤ ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ «የሚጠበቅ ምርት የለውም»።

ታዲያ በዝርዝሩ ላይ ያሉት ከየት የመጡ ይመስልዎታል? የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ያሳተመው ስድስት ገጽ ጽሑፍ የሚጠይቀው አንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን በ1935 ያነሡትን፣ አብዛኛው ሊቅ ኒልስ ቦር መልሶታል ብሎ የዘጋውን ጉዳይ፣ ማለትም ኳንተም መካኒክስ የተሟላ ንድፈ ሐሳብ ነው ወይ የሚለውን ነበር። ቤል እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያጠናው ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ከተቀጠረበት ሥራ ጎን ነው። ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት ራሱ ከጥቂት ዓመታት በላይ አልቆየም። ክላውዘርና ፍሪድማን በ1972 ሐሳቡን በሙከራ ፈተኑት፤ ክላውዘር ከዚያ በኋላ የፈለገውን የፕሮፌሰርነት ቦታ አላገኘም። አላን አስፔ በ1975 ሙከራውን በተሻለ መንገድ ልሥራ ብሎ ቤልን ሊያማክር ሲሄድ ቤል መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ፊዚክሱ ሳይሆን ቋሚ ሥራ እንዳለው ነበር። ያ ጥያቄ ዛሬ ለእኔ ወጣት ተመራማሪ ቢቀርብላት መልሷን ያውቁታል።

ቀጥሎ የሆነውን ጽሕፈት ቤትዎ ሊያውቀው ይገባል፤ በዚያው ላይ ገንዘብ ያፈስሳልና። ኤከርት በ1991 የቤልን ውጤት ይዞ ምስጢራዊ ቁልፍ መለዋወጫ ዘዴ አበጀበት። በ2017 አንዲት ሳተላይት የተጠላለፉ ፎቶኖችን፣ ማለትም ቢራራቁም የልኬት ውጤታቸው የተሳሰረ የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ለተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች አደረሰች። ይህ በዝርዝራችሁ ላይ ሁለተኛ የተቀመጠው «ኳንተም ግንኙነት» ነው። አስፔ፣ ክላውዘርና በዚሁ ዘርፍ የሠራው ዛይሊንገር በ2022 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ቤል ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ፍሪድማንም ካረፈ አሥር ዓመት። በእርስዎ ቅጽ «የሚጠበቅ ምርት» የሚለውን ሳጥን ቤል በ1964 ቢሞላው ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር? እኛ የጻፍነው «ገና አናውቅም» የሚል ነው፤ ዜሮ ተሰጠን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። በኳንተም ኮምፒውተር ርእስ ሥር «ዲኮሄረንስን መቆጣጠር» ለሚል ሥራ ተጨማሪ ነጥብ ትሰጣላችሁ። ዲኮሄረንስ ማለት ኪዩቢት፣ የኳንተም ኮምፒውተር መሠረታዊ የመረጃ አሃድ፣ ከአካባቢው ጋር ተጠላልፎ ድርብርብ ሁኔታውን የሚያጣበት ሂደት ነው፤ የእነዚህ ኮምፒውተሮች ዋና ጠላትም እርሱ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ካፈለቁት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዲተር ዜህ ሲሆን በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ የሚጠይቀው ስለ ኮምፒውተር አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ማሽን በዚያ ዘመን በማንም ዝርዝር ላይ አልነበረም። የሚጠይቀው ስለ ልኬት ችግር ነበር። እንግዲህ ጽሕፈት ቤትዎ ለፍሬው ተጨማሪ ነጥብ እየሰጠ ዛፉን «መሣሪያህን አስተካክል» ብሎ መልሶታል ማለት ነው።

ኳንተም ኮምፒውተር አይሠራ አላልሁም፤ ባልደረቦቼ ይሠሩታል፣ መልካም ሥራ ነው። ገንዘቡ ውስን መሆኑንም አውቃለሁ። «መሠረታዊ ጥያቄ» በሚል ስም የሚቀርብ ሁሉ ድጋፍ ይገባዋል ማለትም አይደለም፤ አንድም ሙከራ የማያስቀምጥ ባዶ ወሬ እኔም ብገመግመው እጥለዋለሁ። እኛ ግን መሣሪያ አለን፣ ወሰን አስቀምጠናል፣ ምን ካየን ምን እንደሚወድቅ በአኃዝ ጽፈናል። በአምስተኛው ገጽ ላይ ነው። ገምጋሚው እስከዚያ አልደረሱም።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ ፕሮፖዛሉ የልኬት ችግር ምን እንደሆነ ለሚያውቁ ሁለት ሰዎች ተሰጥቶ እንደገና ይታይ። እነርሱ «ዘዴው ደካማ ነው» ወይም «ከዚህ የተሻለ ሌላ ቡድን እየሠራው ነው» ብለው ከጣሉት እቀበላለሁ፤ አራተኛ አቤቱታ አላስገባም። በቅጹ ላይ ያለው የመጀመሪያ አስተያየትም ከመዝገብ እንዳይነሣ እለምናለሁ፤ ለወደፊት ገምጋሚዎች ማሠልጠኛ ይጠቅማል።

የመስታወት እንክብሎቹ አሁንም በብልቃጥ አሉ። ክፍሉን ገልጦ አየሩን መልሶ ለመሳብ ሦስት ቀን ይበቃናል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ስማቸው ላልተገለጸልን ገምጋሚ