ጉዳዩ፦ ያለ ካርቶንና ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሸጣችሁልኝ የክብደት መቀነሻ ክኒን

የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዳማ

ለፋርማሲው ሥራ አስኪያጅ፣

ታኅሣሥ 24 ቀን ከእናንተ ዘንድ የክብደት መቀነሻ ክኒን ገዝቻለሁ። ናልትሬክሶንና ቡፕሮፒዮን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ያሉበት ነው። በሐኪም ማዘዣ ነው የገዛሁት። ባለሙያችሁ ክኒኖቹን ቆጥሮ በትንሽ ላስቲክ አደረገልኝ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 2፣ ማታ 2» ብሎ ጻፈ፤ አለቀ። ካርቶን የለ፣ ውስጡ ያለው ወረቀት የለ። ወረቀቱን ስጠይቀው «ምን ያደርግልሻል? እንግሊዝኛ እኮ ነው» አለኝ። እኔ የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ።

ሐኪሙ ማዘዣው ላይ የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት አንድ ብቻ። በሁለተኛው ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ሁለት ሁለት የሚደረሰው በአራተኛው ሳምንት ነው። ቀስ እየተባለ የሚጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቡፕሮፒዮን ሲበዛ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ይችላል። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር መዋጥ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል። እኔ ሁለቱን ክኒን የዋጥኩት የገናን ዶሮ ወጥ በልቼ ነው። አልጣለኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔ ላይ የመጣው በሌላ በኩል ነው። እንቅልፍ ጠፋ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። መብራት ኃይል ሰፈር ለአምስት ብር መልስ ብዬ የባጃጁን ልጅ ሰው እስኪሰበሰብ ጮህኩበት። ከዚያ ንዴቱ ለቀቀኝና ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ «እኔ ባልኖር ለልጆቹ ይሻል ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመላለስብኝ ጀመር። እናቴ «ዓይን በልቶሽ ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። አልፈርድባትም፤ ክኒኑን ማን ይጠረጥራል? እዚያ ጠበሉ ቦታ ሆኜ እንኳ የማታዬን ሁለት ክኒን አልዘለልኩም።

የነቃችው ውጭ ያለችው እህቴ ናት። «የካርቶኑን ፎቶ ላኪልኝ» አለችኝ በቴሌግራም። የቱን ካርቶን? ራሷ ፈልጋ ወረቀቱን ላከችልኝ። ገና ከአናቱ በጥቁር መስመር የተከበበ ማስጠንቀቂያ አለበት፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣ ይችላል ይላል። ቡፕሮፒዮን ለካ የድብርት መድኃኒትም ነው። ወዲያው ለሐኪሙ ደወልኩ፤ በዚያው ቀን አስቆመኝ። አሁን እንቅልፌ ተመልሷል፤ ክትትል ላይ ነኝ።

መድኃኒቱን አልከስም። የክኒኑ ሥራ ብቻ ነው ብዬም አልምልም፤ የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ በኋላም ድብርት ይዞኝ ነበር። ይህንን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ሐኪሙም አልጠየቀኝም፤ ከእሱ ጋር ለብቻ እንነጋገራለን። እናንተ ግን የታዘዘውን ሳታነቡ ሰጣችሁኝ። ተጠንቀቂ የሚለውን ወረቀት ደግሞ አስቀራችሁብኝ። እሱ በእጄ ቢኖር ገና እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን እነቃ ነበር።

በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እፈልጋለሁ። የተረፉትን ክኒኖች ተቀብላችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ክኒን በላስቲክ ለሸጣችሁላቸው ሌሎች ሰዎች ደውሉላቸው። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ8482 አሳውቄአለሁ።

የእኔ ስልክ ማዘዣው ጀርባ ላይ አለ፤ የጻፈው ራሱ ባለሙያችሁ ነው።

ደንበኛችሁ የነበርኩ