ቅቤ በኮባ ይጠቀለል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ አበባ ውስጥ ቅቤና አይብ የምሸጥ ሴት ነኝ። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ደንበኞቼ «ታዲያ በምን ልንወስደው ነው?» ይሉኛል።

እናቴ ጉራጌ አገር ቅቤ ስትሸጥ ፌስታል አታውቅም ነበር። የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ ነበራት። እሱም ሙያ ይጠይቃል። መጀመሪያ መሃሉ ላይ ያለው ወፍራም አጥንት ይወጣል። ከዚያ ቅጠሉ እሳት ላይ ለብ ለብ ይደረጋል። ያኔ ይለሰልሳል፤ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። በመጨረሻ በቃጫ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ቅጠሉ ሲጣል ከብት ይበላዋል፣ ካልሆነም አፈር ይሆናል። ድፎ ዳቦ የምትጋግሩ ታውቁታላችሁ።

ፌስታል ግን ቦይ ይደፍናል። ባለፈው ክረምት ጎርፉ መደቤ ድረስ ገብቶብኛል።

ኮባ ለሁሉ ነገር ይሆናል አልልም። ለዱቄትና ለስኳር አይመችም። ቶሎም ይደርቃል። ግን ህንዶች ከአሬካ ዘንባባ የወደቀውን ቅጠል በሙቀት ተጭነው ሳህን ይሠሩበታል። የእኛ ተመራማሪዎች በእንሰት ለምን አይሞክሩትም?

ስስ ፌስታል እኮ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ተከልክሎ ነበር። እስከ ዛሬ አብሮን የኖረው ምትክ ስላልቀረበ ይመስለኛል። ስለዚህ በየገበያው ለኮባ ሻጮች አንድ አንድ መደብ ይሰጥልን። እኔ ብቻዬን በሳምንት 50 እስር እገዛለሁ።

ቅቤ ሻጭ፣ ከአዲስ አበባ