ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ አንዲት ትንሽ ላስቲክ

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ መድኃኒት ቤት ክኒን ቆጥረው ስለሚሰጡን ትንሽ ላስቲክ ነው። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ "1×1" ይጻፍና በቃ፣ አለቀ።

አምና እናቴ ኮሶ ታየባት። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የፓስታ ቁራጭ የመሰለ ነገር፤ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። አፍራ ለማንም ሳትናገር ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ሄዳ "የትል መድኃኒት" አለች። አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ሰጧት። ዋጠች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ቁራጭ ተመልሶ መጣ። አሁንም ሄደች፣ አሁንም ያችው አንድ ፍሬ። በመጨረሻ ነገሩን ስሰማ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ፕራዚኳንቴል ታዘዘላትና ተገላገለች።

አልቤንዳዞልን እያማሁ አይደለም። ለወስፋት ባለ 400 ሚሊግራሟ አንድ ፍሬ ትበቃለች። በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለውም እሱ ወይም ሜቤንዳዞል ነው። ኮሶ ግን ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ ሌላ ትል ነው፤ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ይፈልጋል። ጃርዲያ ደግሞ ጭራሽ ትል አይደለም፤ እሱን የሚያክሙት እንደ ቲኒዳዞል ባሉ መድኃኒቶች ነው። እኛ ሰፈር ሁሉም "የትል መድኃኒት" ነው። በአያቶቻችን ጊዜ ኮሶ የያዘው ሰው የኮሶ አበባ ነበር የሚጠጣው። ቢመርም፣ ቢያደክምም፣ ምኑን ለምን እንደሚጠጣ ግን ያውቅ ነበር።

ጎረቤታችን ደግሞ ቲኒዳዞሉን አራቱንም ፍሬ በባዶ ሆዱ ዋጠና ማታ ድራፍት ጠጣበት። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። ከምግብ ጋር ውሰድ፣ መጠጥ አትንካ ያለው ሰው የለም። ማሳሰቢያው ያለበት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለዚያውም ከነካርቶኑ እዚያው መድኃኒት ቤት ቀርቷል።

ባለሙያዎቹ ሰልፍ እንደሚያጣድፋቸው አይቻለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ላስቲኳ ላይ የሚለጠፍ የታተመ ወረቀት በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ይኑር፦ የመድኃኒቱ ስም፣ ለየትኛው ትል እንደሆነ፣ ከምግብ ጋር ነው ወይስ ያለ ምግብ፣ መጠጥ ይከለክል እንደሆነ። ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ "ምን ዓይነት ትል አዩ?" ብለው ይጠይቁ። ለወጣት ሴት "እርጉዝ ነሽ ወይ?" የሚለውም አይዘለል፤ አልቤንዳዞል በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት አይመከርም።

የእናቴ ሁለት ላስቲኮች እኔ ጋ አሉ። ማየት ከፈለጋችሁ ቢሮ ድረስ ይዣቸው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ