ለቆላ ሃንጋር ከኤሲ በፊት ጣሪያ
ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጎዴ ወይም በጋምቤላ ለአነስተኛ አውሮፕላን ሃንጋር (የአውሮፕላን ማደሪያ ቤት) ልታሠሩ ፕሮፎርማ ስትጠይቁን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «የጣሪያው ዋጋ ለምን በዛ? በዚህ ብር ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ብትገጥሙልን አይሻልም?» ገንዘቡ የእናንተ ነውና በግልጽ ልናስረዳችሁ ይገባል።

ቆላ ላይ ሃንጋርን በዋናነት የሚያግለው ጣሪያው ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ግድግዳውን ብዙም አታገኘውም። ያልተቀባ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ ሙቀት የሚመልስ ይመስላል። ብርሃኑን በከፊል ይመልሳል፤ አንዴ የወሰደውን ሙቀት ግን ወደ ሰማይ መልሶ ለመልቀቅ ሰነፍ ነው። ያልወጣው ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነጭ ቅብ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የአየር ክፍተትና አልሙኒየም ፎይል እናስገባለን። ክፍተቱን «ለቁጠባ» አታስቀሩት። ፎይሉ በቆርቆሮና በኮርኒስ መሃል ከታፈነ ሥራውን አይሠራም።

ኤሲውስ? ሴስና ካራቫን የተባለው አነስተኛ አውሮፕላን ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 16 ሜትር ነው። ለእሱ 18 ሜትር የሚሆን በር እንተዋለን። እንዲህ ያለ በር አንዴ ሲከፈት ያቀዘቀዛችሁት አየር ተጠራርጎ ይወጣል። ኤሲ ለመለዋወጫ ክፍሉና ለቢሮው ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የነዳጁ ጉዳይ ነው። ካራቫን የሚጠቀመው ጄት ኤ-1 ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ሊሰጥ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ እዚያ አይደርስም። ሰመራ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ጥላ ውስጥ ሳይቀር ያልፈዋል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ አንዲት የሶኬት ብልጭታ ትበቃዋለች። በዚህ ምክንያት በሁለቱም ግድግዳ ግርጌ ወንፊት ያለው የአየር መግቢያ እንከፍታለን፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ ደግሞ መውጫ። ትኩሱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከግርጌ አዲስ አየር ይስባል፤ ትነቱም አብሮ ይጠረጋል። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ከወለሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ይሁኑ። የነዳጅ በርሜል ሃንጋር ውስጥ እንዲቀመጥ ግን በፍጹም አንስማማም።

አቅጣጫም ዋጋ አለው፤ ያውም በነፃ። ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ የጠዋትና የማታ ፀሐይ በዋናነት የምታገኘው አጭሩን ግድግዳ ነው። ከውጭ የመጣ ፕላን ይዛችሁ ስትመጡ ብዙውን ጊዜ የጣሪያው ክንፍ (ከግድግዳው ወጥቶ ጥላ የሚሰጠው) በደቡብ በኩል ብቻ ነው። እኛ አገር ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ጥላው በሁለቱም በኩል ያስፈልጋል።

በሩ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 18 ሜትር የበር ሀዲድ በሌሊቱና በቀኑ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ካገኘው ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። መፈናፈኛ ካልተተወለት ይጎብጣል፤ በሩም ነክሶ ይቆማል።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁን የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የቦታውን ካርታና አቧራ የሚያመጣው ነፋስ ከየት እንደሚነሳ አብራችሁ ላኩልን። የነፋሱን ነገር አካባቢው ላይ የኖረ ሰው ጠይቁ። በሩን ወደ ሰሜን ወይስ ወደ ደቡብ እንደምናዞረው የምንወስነው በዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይን ክፍል