ረቂቅ ቅርፃ ቅርፅን በአንድ ጎኑ ብቻ አታሳዩን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ ለቅርፃ ቅርፅ ጥበብ ገጽ መስጠቱ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም ከተፈጥሮና ከገጠር መልክዓ ምድር ተነሥተው ስለሚሠሩ ረቂቅ ቅርፆች፣ ማለትም የነገሮችን መልክ እንዳለ ስለማያሳዩ ቅርፆች፣ የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ምን ይመስላል?» ብለው ጀምረው እዚያው ያበቃሉ፤ አንባቢውም ኮረብታውንና ወንዙን እንደ እንቆቅልሽ ይፈልግና ሲያጣው ጥበቡ ለእርሱ እንዳልተሠራ ቆጥሮ ገጹን ይገልጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እነዚህ ሥራዎች የመሬትን መልክ የሚገለብጡ ሳይሆኑ መሬት በሰው አካል ላይ የሚያሳድረውን ስሜት የሚያወጡ ናቸው።

የብሪታንያዊቷን ቀራፂ የባርባራ ሄፕዎርዝን ሥራ እንመልከት። በልጅነቷ ከመሐንዲስ አባቷ ጋር በመኪና የዮርክሻየርን ኮረብታዎች ስታቋርጥ መንገዱ ሲወጣና ሲወርድ የተሰማት ነገር ዕድሜ ልኳን አልተለያትም። እ.ኤ.አ. በ1939 በባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ሴንት አይቭስ ተዛወረች፤ በ1946 የሠራችው «ፔላጎስ» የተሰኘው ቅርፅም ከኤልም እንጨት የተፈለፈለ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ውስጡ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ የተቀባ ሲሆን፣ በክፍት አፉ ላይ ክሮች ተወጥረውበታል። ማዕበልም ሆነ ጀልባ አልተቀረፀበትም። የመሬት ክንዶች ባሕሩን ግራና ቀኝ ሲያቅፉት ግን ይታያል፤ ክሮቹም በእርሷና በባሕሩ፣ በነፋሱ ወይም በኮረብታዎቹ መካከል የሚሰማት ውጥረት መሆናቸውን ራሷ ጽፋለች። ይህን ሁሉ ከፊት ለፊት የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ሊነግረን አይችልም፤ ዙሪያውን የሄደ ጸሐፊ ግን ሊነግረን ይችላል።

ቅርፁ የቆመበት ቦታም የሥራው አካል ነው። የእንግሊዛዊው ቀራፂ የሄንሪ ሙር አንድ ግዙፍ የነሐስ ሥራ በእንግሊዝ ገጠር፣ በፔሪ ግሪን፣ በጎች በሚግጡበት መስክ ላይ ቆሟል፤ በጎቹ ይታከኩታል፣ ይጠለሉበታልም። ሌላው ቀራፂ ዴቪድ ናሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በዌልስ ከኦክ ግንድ ጠርቦ ያወጣውን ከባድ ድቡልቡል እንጨት በጅረት ሊያጓጉዘው አስቦ መንገድ ላይ ሲሰነቀርበት እዚያው ተወው፤ ከዚያ ወዲህ ጎርፍ እየገፋ በብዙ ዓመታት ውስጥ ወደ ወንዙ አፍ አደረሰው። እንዲህ ያለው ሥራ ከቦታውና ከወቅቱ ተነጥሎ ሲቀርብ ግማሹ ይጠፋል።

ረቂቅ የሆነ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። አንድን ድንጋይ አለስልሶ «ኮረብታ» የሚል ስም መስጠት ብቻውን ቅርፃ ቅርፅ አያደርገውም፤ እንዲህ ያለውን ደካማ ሥራ ከጠንካራው ለይቶ ማሳየትም የሐያሲ ድርሻ ነው። ያን መለየት የሚቻለው ግን ቀራፂው የእንጨቱን የተፈጥሮ ጭረት ተከትሎ ነው ወይስ ተቃውሞ የጠረበው፣ የተፈለፈለው ባዶ ቦታ ብርሃንን እንዴት ይቀበላል፣ ክብደቱስ በየት በኩል ያርፋል ብሎ በመጠየቅ ነው።

ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ ሥራ ስትዘግቡ ከሁለት ያላነሱ ጎኖቹን በፎቶግራፍ እንድታሳዩን፣ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚያክል በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ እንድትገልጹ፣ ለሜዳ ታስቦ የተሠራ ቅርፅ ወደ አዳራሽ በገባ ጊዜም ይህንኑ ሳትነግሩን እንዳታልፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ