የፓስፊክን ሕዝቦች በሦስት የከፈላቸው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ ፓስፊክ ደሴቶች በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ ፖሊኔዥያ፣ ሜላኔዥያና ማይክሮኔዥያ የተባሉት ክፍሎች ከጥንት ጀምሮ የነበሩ የተፈጥሮ ድንበሮች መስለው ቀርበዋል። ጎንደር ውስጥ ታሪክ የማስተምር ሰው በመሆኔ ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ክፍፍሉ ዘመንና ባለቤት አለው። ዱሞን ዱርቪል የተባለ የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን በ1831 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር አቅርቦት በ1832 ታተመ። ፖሊኔዥያና ማይክሮኔዥያ በደሴቶቹ ብዛትና ትንሽነት ሲሰየሙ፣ ሦስተኛውን ክፍል ሜላኔዥያን ግን በነዋሪዎቹ የቆዳ ጥቁረት ጠራው፤ እነዚህኑ ሕዝቦችም ከሌሎቹ በታች አስቀመጣቸው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የሚያጠኑት የመልክዓ ምድር ካርታ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጆችን በደረጃ የደረደረ ፍርድ ጭምር ነው።

ፍርዱ ከደሴቶቹ ታሪክ ጋር አይገጥምም። የፊጂና የቶንጋ መኳንንት አውሮፓውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ ይጋቡና ይነግዱ ነበር፤ ዱርቪል ግን ፊጂን ከሜላኔዥያ፣ ቶንጋን ከፖሊኔዥያ አድርጎ መስመሩን በመካከላቸው አሰመረ። በ1976 ሆኩሌአ የተባለችው ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ ሁለቱም ፖሊኔዥያ ከሚባለው ክፍል ከሆኑት ከሃዋይ ወደ ታሂቲ ስትሻገር፣ ከዋክብትንና ማዕበልን እያነበበ የመራት ማው ፒያይሉግ ሲሆን፣ የትውልድ ደሴቱ ሳታዋል የምትገኘው ማይክሮኔዥያ በሚባለው ክፍል ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የቱፓያ ነገር ነው። ይህ ታሂቲ አጠገብ ያለችው የራያቴያ ደሴት ካህንና መርከብ መሪ በ1769 ታሂቲ ላይ ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ጄምስ ኩክ ጋር ተሳፈረ፤ ኒው ዚላንድ ሲደርሱም ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ጋር በራሱ ቋንቋ ተግባባ። ከ70 በላይ ደሴቶች የሰፈሩበት ካርታም ከእርሱ ዕውቀት ተሠራ። በ1770 መጨረሻ ግን በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ሞተ። ደሴቶቹ በአውሮፓውያን የአቅጣጫ ሥርዓት ስላልተቀመጡ ካርታው ለረጅም ጊዜ ስሕተት የበዛበት ተብሎ ሲናቅ ኖሯል።

ይህ ለእኛ ለጎንደሬዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኩክ የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚቀይስበት በዚያው በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር ገብቶ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ተስተናግዶ ነበር። ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን ያገኘሁት እኔ ነኝ ሲል ጻፈ፤ የአካባቢው ሰው ግን ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀውና ያከብረው ነበር፤ ከአውሮፓውያንም ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 አይቶታል። በ1795 ደግሞ በጀርመን የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ብሉመንባህ የሰውን ዘር በአምስት ሲከፍል የፓስፊክን ደሴተኞች “ማላይ” ከተባለው ወገን መደባቸው፤ ለጥቁር አፍሪካውያን ሁሉ የሰጠውም ስም “ኢትዮጵያዊ” የሚል ነበር። እኛም እንደ እነርሱ ሳንጠየቅ ተመድበናል።

ስለዚህ ጋዜጣው ሦስቱን ስሞች ይጣል አልልም፤ ዛሬ የደሴቶቹ ሰዎች ራሳቸው ሜላኔዥያዊ ነን እያሉ በኩራት ይጠቀሙባቸዋል። የምለምነው፣ እንዲህ ያለ ካርታ በሚወጣበት ጊዜ የከፋፈለው ሰው ስምና ዓመቱ ከሥሩ እንዲጻፍ፣ የቱፓያም ካርታ ከጎኑ እንዲታተም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከጎንደር