አባዬ፣ ትንሹ ማዋለጃ ክፍል ይገባል

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ዘጌ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። የቡናው ለቀማ መጀመሩን ሰማሁ። እጅዎ የሚደርስበትን ይልቀሙ፤ መሰላሉን ለልጆቹ ይተዉላቸው። የግፊት ኪኒንዎን የነቢያት ጾም ገባ ብለው እንዳያቋርጡ አደራ። ጠዋት የማይሆንልዎ ከሆነ እህል በሚቀምሱበት ሰዓት ይዋጡት፤ ብቻ በየቀኑ ሰዓቱ አንድ ይሁን፣ ቀንም አይዝለሉ። ግፊት ሲብስ ላያምም ይችላል፤ ስላላመመዎ ድኛለሁ አይበሉ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ የአጎቴ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ሰው ባለበት ቢያነበው ግድ የለም። ወደ ኋላ ግን ለእርስዎ ብቻ የጻፍኩት አለ፤ እዚያ ሲደርስ ምልክት አድርጌለታለሁ።

ምራትዎ፣ የትንሹ ወንድሜ ሚስት፣ የእርግዝናዋን 37ኛ ሳምንት ጨርሳለች። ሕፃኑ ጭንቅላቱ ወደ ታች ዞሯል፤ የደም ግፊቷ 110 በ70 ነው፤ የደም መጠኗም 12 ስለሆነ ጥሩ ነው። የደም ዓይነቷ ኦ ኔጌቲቭ መሆኑን የሰማ ዘመድ ሾተላይ አለባት ብሎ አስደንግጦዎታል አሉ። ሾተላይ የሚመጣው የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ የልጁ ደም ወደ እናቱ ሲገባ ነው፤ ሰውነቷ ያን ደም የሚዋጋ ነገር ይሠራል፣ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣውን ልጅ ነው። መከላከያ አለው። እንደወለደች የሕፃኑ ደም ይመረመራል፤ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ትወጋለች። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ኦ ኔጌቲቭ ሰው ከራሱ ዓይነት በቀር አይቀበልም፣ ደሙም እንደልብ አይገኝም። ባሏ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሊሰጣት አይችልም። ባለፈው የዘመዱን ሁሉ የደም ዓይነት እየደወልኩ የጠየቅሁት ለዚህ ነበር። ሁለት ሰው ተገኝቷል፤ ስልካቸውን ትንሹ ይዟል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

ትንሹ እንደነገረኝ «ወንድ ልጅ ምጥ ቤት አይገባም፤ በር ላይ ቆመህ ማርያምን ለምን» ብለውታል። መለመኑን ይለምናል። ስለሚያከብርዎ መልስ አልሰጠዎትም፤ መልሱን የምሰጥዎ እኔ ነኝ። ይገባል። ግባ ያልኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ ወንድ ገብቶ ምን ይሠራል ይላሉና የሚሠራውን ልንገርዎ።

ሥራው ከቤት ይጀምራል። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ረጅም ነው፤ ሲጀምር ወገቧን ቆረጥ አድርጎ ይተዋታል። ያን ጊዜ ተሯሩጦ መምጣት አያስፈልግም፤ ትራመድ፣ ትብላ፣ ከቻለችም ትተኛ። እሱ ሰዓት ይዞ ይቆጥራል፤ ከአንዱ ቁርጠት መጀመሪያ እስከ ሚቀጥለው መጀመሪያ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ አንዱ ቁርጠትም ምን ያህል እንደሚቆይ። በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ እያንዳንዱም አንድ ደቂቃ ያህል እየቆየ አንድ ሰዓት ካለፈ ይነሣሉ። አንድ ሰዓት የማይጠበቅበትም አለ፤ ደም ከፈሰሳት፣ የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ፣ ይልቁንም አረንጓዴ ከሆነ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማትና ዓይኗ ብዥ ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቆጠራው ይቀርና ወዲያው ይመጣሉ።

ቤታቸው ዓባይ ማዶ ነው። አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል መሻገሩ ቀሏል፤ ሌሊት ግን ባጃጅ እንደልብ አይገኝም። የሁለት ባለባጃጅ ስልክ ተይዟል፤ ካልሆነ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል። ዕቃው በአንድ ቦርሳ ሆኖ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ የክትትል ካርዷ፣ ንጹሕ ነጠላ፣ ሞዴስ፣ ለሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ፣ ሁለት ደረቅ ፎጣ፣ ፔርሙዝ። ፎጣው ሁለት የሆነው የመጀመሪያው ማድረቂያ ሆኖ ስለሚርስ ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ይበርደዋል፤ የበረደው ሕፃን ደግሞ ለመጥባት ጉልበት ያጣል።

ማዋለጃ ክፍል ሲደርሱ የማህፀኗ በር በየ4 ሰዓቱ ይታያል። ምጡ ጠና የምንለው 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው፤ ከዚያ እስከ 10 ለመጀመሪያ ልጅ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የልጁን ልብ በየ30 ደቂቃው እናዳምጣለን፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታት አለበት። በር ላይ የተሰበሰበ ቤተሰብ «ገና 3 ነው» ሲባል ይጨነቃል፤ «መርፌ ይሰጣትና ቶሎ ትገላገል» ይላል። ማፋጠኛው ያለ ምክንያትና ያለ ልክ ሲሰጥ ቁርጠቱ ፋታ አጥቶ ይደራረባል፤ ልጁ አየር የሚያገኘው ግን በፋታው ነው። ውስጥ የተቀመጠ ባል ይህን በዓይኑ ስለሚያይ ራሱ አይቸኩልም፣ እኛንም አያስቸኩልም።

በፋታው ውሃ ወይም አጥሚት ጉንጭ ጉንጭ እያደረገ ያጠጣታል። በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት ይወስዳታል፤ የሞላ ፊኛ ልጁ እንዳይወርድ ያግዳል፣ ከወለደች በኋላም ማህፀኗ እንዳይኮማተር ያደርጋል። በጀርባዋ አያንጋልላትም፤ ማህፀኗ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ስለሚጫን ግፊቷ ይወርዳል፣ ለልጁም የሚደርሰው ደም ያንሳል። ትራመዳለች ወይም በጎኗ ትተኛለች። ቁርጠቱ ሲመጣ ደግሞ የመዳፉን ሥር ከወገቧ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አድርጎ አጥብቆ ይጫናል፤ እስኪያልፍላት አይለቅም። ማሸት ብቻውን ያን ያህል አያሳርፋትም፣ ግፊቱ ነው የሚያሳርፋት። የወንድ ክንድ የሚፈለገው እዚህ ነው፤ አንዲት አዋላጅ ሦስት አራት ምጥ ይዛ ለአንዷ ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ልትጫንላት አትችልም።

ከ8 ሴንቲ ሜትር በኋላ ትንቀጠቀጣለች፣ ታስመልሳለች፣ «በቃኝ፣ ልሙት» ትላለች፤ ባሏንም ልትሰድበው ትችላለች። አይቶ ለማያውቅ ወንድ ሞት የመጣ ይመስለዋል። መገላገያዋ የቀረበው ያኔ ነው። ለትንሹ የነገርኩት አትከራከራት፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግና አብረሃት ተንፍስ ብዬ ነው። «ግፊ፣ ግፊ» ብሎ አይጮህም፤ የማህፀኗ በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ከገፋች ያብጣል፣ ምጡም ይረዝማል።

የምትገፋ ጊዜ በራስጌዋ ይቆማል። ወንድ ልጅ ምጥ ቤት ይወድቃል የሚሉት እውነት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጥለው ግን ሌሊቱን ሳይበላና ሳይጠጣ፣ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ጉልበቱን ገትሮ መቆሙ ነው። በልቶ ይገባል፤ ራሱን ካዞረው ወለሉ ላይ ይቀመጣል። የሌሎቹ እናቶች ገበናም ይከበራል፤ ከመጋረጃው አይወጣም፣ ሌላ ወላድ የምትታይበት ሰዓት ሆኖ ውጣ ከተባለም ይወጣል።

ልጁ ሲወለድ መልኩ ሰማያዊ ነው፤ ነጭ ቅባት ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ረዝሞ ነው የሚመጣው። ያላወቀ አባት የሞተ ይመስለዋል። ሲያለቅስ ከደረቱ ጀምሮ ይቀላል፤ መዳፉና እግሩ ሰማያዊ ሆኖ ትንሽ ይቆያል፣ ጭንቅላቱም በቀናት ውስጥ ቅርጹን ይይዛል። ካላለቀሰ እናደርቀዋለን፣ ጀርባውን እናሸዋለን፤ አሁንም ካልተነፈሰ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በጭንብል አየር እንሰጠዋለን። ያን ጊዜ ትንሹ ገለል ብሎ የሚስቱን እጅ ይያዝ። ካለቀሰ ግን በቀጥታ እናቱ ደረት ላይ ነው፤ እትብቱም ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆረጥ ይቆያል፣ የሕፃኑ ድርሻ የሆነው ደም እስኪገባለት።

የልጁ ልብ ወርዶ አልመለስ ካለ ወይም ጭንቅላቱ አልወርድ ካለ ቀዶ ጥገና ይደረጋል። ፈራሚዋ እሷው ናት፤ ባሏ ምክንያቱን አብሯት ስለሰማ ግን ሽማግሌ ጥሩልኝ፣ ዘመድ ይምጣልኝ በማለት ሰዓት አይባክንም። እሷ እስክትነቃቃ ሕፃኑን ሸሚዙን ከፍቶ ራቁት ደረቱ ላይ ያሞቀዋል።

ምልክት ያደረግሁት እዚህ ላይ ነው። ሰው ካለ ይውጣ።

አባዬ፣ ልጅ ተወልዶ እልል ሲባል ሥራው ያለቀ ይመስላል። ደም የሚወስዳት እናት ግን ብዙ ጊዜ የምትሄደው ከእልልታው በኋላ ነው። ልጁ እንደወጣ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ጭኗ ላይ ትወጋለች። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ኃይሉን ስለሚያጣ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንጨነቀው ለእሱ ነው። እንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጠበቃል፤ ሲወጣም ቁራጭ ውስጥ እንዳይቀር ተገላብጦ ይታያል። ማህፀኗ እምብርቷ ግድም እንደ ትርንጎ ጠንክሮ መዳሰስ አለበት። ከላላ፣ የተከፈቱት የደም ሥሮች አይዘጉም። ስለዚህ ለ2 ሰዓት በየ15 ደቂቃው እንዳስሰዋለን፣ ከላላም እናሸዋለን። ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ አደጋ ነው። ደም ማቆሚያ መድኃኒት አለ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል፣ ከወለደች በ3 ሰዓት ውስጥ ነው መሰጠት ያለበት። ደምም ይሰጣታል።

ለትንሹ የጠንካራውን ማህፀን ቦታ በእጁ አስነካዋለሁ። ሞዴሱ ቶሎ ቶሎ ከራሰ፣ ከንፈሯ ከነጣ፣ ላብ ላብ ብሏት ከቀዘቀዘች፣ «ጠማኝ» ካለች፣ አዋላጇን ሮጦ የሚጠራው እሱ ነው።

ትንሹን የወለደች ሌሊት እማዬም ጠማኝ ብላ ነበር። ውሃውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ «ክፉ ደም ነው፣ ይውጣላት» ይሉ ነበር፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ የሚያውቁት ያንን ነው። እርስዎ ከወንዶቹ ጋር ከዋርካው ሥር ነበሩ። ታንኳው ከሐይቁ ዳር ነበር። ደሙን ያየ ሰው ታንኳ ማዘዝ አይችልም ነበር፤ ታንኳ ማዘዝ የሚችለው ደግሞ ደሙን አላየም። ያን ሌሊት ታንኳው ቢነሣ ትደርስ ነበር አልልዎትም። ማንም እንዳልነገረዎትም አውቃለሁ። እርስዎም ግን በሩን አንኳኩተው አልጠየቁም። ይህን ሳልጽፍ ያን ሁሉ ስለ ሴንቲ ሜትርና ስለ ደቂቃ ብጽፍልዎ ለምን እንደምጽፍ አይገባዎትም ብዬ ነው።

ሌላም አለ። ጌሾውን ዝናብ የመታው ቀን ለትንሹ ያሉትን ቃል እርስዎ ረስተውት ይሆናል። ሰውም ሲለው ኖሯል፤ ከእርስዎ አፍ የወጣው ግን አንድ ቀን ነው፣ በልቡ የቀረውም ያ ነው። እናቱን የሚበላ ሕፃን የለም፣ አባዬ። ደም እስኪያልቅ የሚፈሰው ማህፀን ሲላላ ነው፣ ወይም የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ ሲቀር ነው፣ ወይም የተቀደደ ሳይሰፋ ሲቀር ነው። ሕፃኑ በዚያ ሰዓት ተጠቅልሎ ሰው እቅፍ ውስጥ ነው። ሌሎች አባቶች ወንድ ነው ሴት ብለው ይጠይቁኛል፤ ትንሹ የጠየቀኝ ስንት ደም እንደሚፈስ ነው። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ የሚጠይቀኝም ያንኑ ነው። ደም ሲያይ ያ ቃል እንደሚመጣበት እፈራለሁ። የሚስቱን ወገብ መጫን ያለበት እጁ እንዲንቀጠቀጥ አልፈልግም።

ስለዚህ ምጡ ሳይጀምር ደውለው ግባ ይበሉት። ያን ቃልም ያንሡለት፤ እንዴት እንደሚነሣ እርስዎ ያውቃሉ፣ ቢከብድዎም የነፍስ አባትዎ አጠገብዎ ናቸው። ስልክ ላይ ብዙ ማውራት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ አጭር ቢሆንም ይበቃዋል።

እሷ ከወለደች በኋላ 24 ሰዓት እኛ ዘንድ ትቆያለች። አክስቴ ቅቤ ይዛ ልትመጣ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ለገንፎው እሰየው፣ ለሕፃኑ ግን አይዋጥም። እንገሩ ታልቦ አይደፋም፤ በመጀመሪያው ሰዓት የሚጠባው እሱን ነው። እትብቱም ላይ ጤና ባለሙያ ከሚሰጠው ቅባት በቀር ምንም አይነካም፣ ገላውም እስከ ማግስቱ አይታጠብም። ይህን እርስዎ ቢነግሯት ትሰማዎታለች፤ እኔን አትሰማኝም።

ክርስትናው ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ነው። ያኔ ሲመጡ ዓይንዎንም እናስመረምራለን፤ ሞራው ሳይበስል አይነሣም የሚሉዎትን አይስሙ፣ ያ የድሮ ነው። የአንድ ወር ኪኒን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ለመደወል ከቤት ኔትወርክ ካስቸገረ አፋፍ ሲወጡ ይደውሉ፤ ትንሹ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ቤት ነው፣ ስልኩም ያው የድሮው ነው።

ልጅዎ